ፒሲአር እምቢ ሲላችሁ፦ ከደም ናሙና እስከ ጄል ድረስ

ፒሲአር (አንድን የዲኤንኤ ቁራጭ ደጋግሞ የሚያባዛ ሥራ) ሠርታችሁ ጄሉን ዩቪው ላይ አስቀመጣችሁት። ላደሩ፣ ማለትም ርዝመታቸው የታወቀ የዲኤንኤ ቁራጮች ያሉበት መለኪያ፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የእናንተ መስመሮች ግን ጭልም ያሉ ናቸው። ወይም ደግሞ ሁሉም ላይ ባንድ (ዲኤንኤ መኖሩን የሚያሳይ የሚያበራ ሰረዝ) አለ፤ ውሃ ብቻ የገባበት ኔጌቲቭ ኮንትሮል ላይ ሳይቀር።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚወቀሰው ማሽኑ ነው። ቀጥሎ ኪቱ፣ ቀጥሎ ፕራይመሩን (የሚባዛውን ቁራጭ ጫፍና ጫፍ የሚይዘውን አጭር ዲኤንኤ) ያቀረበው ድርጅት። እኔ ካየሁት ግን አብዛኛው ጥፋት እጃችን ላይ ነው፦ ያልተቀላቀለ ቲዩብ፣ ያልተመዘነ ፒፔት፣ ያልደረቀ አልኮል። ስለዚህ ስለ ቲዎሪው አላወራም። ከደም ዲኤንኤ አውጥቶ፣ ተራ ፒሲአር ሠርቶ፣ ጄል ላይ እስከማየት ያለውን መንገድ በቅደም ተከተል እንሂድበት። ምሳሌዬ የወባ ናሙና ነው፤ እዚህ አገር ብዙ ተማሪ ቴሲሱን የሚሠራው በሱ ስለሆነ። ሌላ ነገር ብትሠሩም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

## ደረጃ 1፦ ከሙከራው ቀን በፊት

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። እባካችሁ አትዝለሉት።

ፒፔታችሁን መዝኑ። 100 ማይክሮሊትር ውሃ 0.1 ግራም ይመዝናል። ሚዛኑ ላይ ቲዩብ አስቀምጡ፣ ዜሮ አድርጉ፣ 100 ማይክሮሊትር ጨምሩ፣ ቁጥሩን ጻፉ። አምስት ጊዜ ድገሙት። ከ0.097 እስከ 0.103 ግራም ካልወጣ ያንን ፒፔት ለፒሲአር አትጠቀሙበት። ለትንሿ ፒፔት ደግሞ አሥር ጊዜ 10 ማይክሮሊትር አንድ ቲዩብ ውስጥ ጨምራችሁ ድምሩን መዝኑ፤ እሱም 0.1 ግራም መምጣት አለበት። ሥራው ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አንድ ጊዜ ሁለት ወር ያለቀስንበት ችግር መጨረሻ ላይ ውስጧ የላላች አንዲት ፒፔት ሆና አግኝተናታል።

አሳሳባችሁን አስተካክሉ። አውራ ጣታችሁን እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ ተጫኑ፣ ቲፑን 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ያህል ፈሳሹ ውስጥ ንከሩ፣ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ስትለቁበት ደግሞ እስከ ሁለተኛው ማቆሚያ ተጫኑ። ስትስቡ እስከ ሁለተኛው ከወረዳችሁ ከሚፈለገው በላይ ነው የምትወስዱት። ጀማሪ ሁሉ ይሳሳተዋል፤ ስለሚያፍር ግን አይጠይቅም።

ፕራይመሩን በትክክል አሟሙ። የደረቀው ፕራይመር በዓይን የማይታይ ነገር ነው፤ ክዳኑ ላይም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመክፈታችሁ በፊት ሴንትሪፉጅ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ አሽከርክሩት። ቲዩቡ ላይ ስንት ናኖሞል እንደሆነ ተጽፏል። ያንን ቁጥር በ10 አባዙት፤ የሚወጣው የምትጨምሩት ቲኢ (ማሟሚያው ፈሳሽ) በማይክሮሊትር ነው። 24.6 ናኖሞል ከሆነ 246 ማይክሮሊትር። ይህ 100 ማይክሮሞላር የሆነውን ዋናውን ስቶክ ይሰጣችኋል። አሥር ደቂቃ አቆዩት፣ ቮርቴክስ አድርጉት (መነቅነቂያ ማሽኑ ላይ)፣ እንደገና ስፒን አድርጉት (ለአጭር ጊዜ ሴንትሪፉጅ ውስጥ)። ከሱ 10 ማይክሮሊትር ከ90 ማይክሮሊትር ንጹህ ውሃ ጋር ስትቀላቅሉ ለዕለት ሥራ የሚሆነው 10 ማይክሮሞላር ይወጣል። ይህንኑ በትንንሽ ቲዩቦች ከፋፍላችሁ አስቀምጡ። ዋናውን ስቶክ በየቀኑ አትንኩት።

ለመብራት ተዘጋጁ። ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ኪቱ የመጣበትን የፎም ሳጥን አትጣሉ። ከአይስ ፓክ ጋር ፍሪዘሩ ውስጥ አስገቡትና ታኩንና (ቅጂውን የሚሠራው ኢንዛይም) ዲኤንቲፒውን (ቅጂው የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ) እሱ ውስጥ አኑሩ። መብራት ሲሄድ ብዙ ሰዓት ያቆያል፤ በሩን ካልከፈታችሁት ማለቴ ነው። ሁለተኛ፣ አንድ ኩባያ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አርጉና በረዶው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ። ሰኞ ጠዋት ስትመጡ ሳንቲሙ ላይ ላዩን ካለ ደኅና። በረዶው መሐል ገብቶ ካገኛችሁት ግን ቅዳሜና እሑድ ፍሪዘሩ ቀልጦ እንደገና ረግቷል ማለት ነው። ማንም ባይነግራችሁ ሳንቲሙ ይነግራችኋል።

ቦታ ለዩ። ማስተር ሚክስ (ከናሙናው በቀር የፒሲአሩ ቅመሞች ድብልቅ) የሚዘጋጅበት ጠረጴዛና ጄል የሚሠራበት ጠረጴዛ አንድ አይሁን። ሁለት ክፍል ከሌላችሁ ሁለት ጥግ ይሁን፣ ግን ፒፔቱም ጋውኑም የየራሱ ይኑረው። ጉዞው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፦ ጄል የነካ እጅ በዚያው ቀን ወደ ማስተር ሚክስ አይመለስም። ስልክም እንደዚያው። ጓንት አጥልቃችሁ ስልክ ካነሳችሁ ጓንቱን ቀይሩ።

ስለ ከፍታ አንድ ነገር። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 አካባቢ ነው። ስለዚህ «በፈላ ውሃ 10 ደቂቃ» ወይም «በ95 ዲግሪ ዋተር ባዝ» የሚል ፕሮቶኮል ካያችሁ ዋተር ባዙ እዚያ አይደርስም፤ ሂት ብሎክ ወይም ራሱን የፒሲአር ማሽኑን ተጠቀሙ። አውቶክሌቭም ላይ እንዲሁ ነው። ጌጁ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ 121 ዲግሪ ነው የሚባለው ለባሕር ጠለል ነው። እዚህ 121 ለመድረስ 18 ወይም 19 ያህል ይፈልጋል። ማሽኑ ያንን ግፊት የማይችል ከሆነ አታስጨንቁት፤ ጊዜውን አስረዝሙ።

## ደረጃ 2፦ ናሙናው

ደሙ የተቀዳበትን ቲዩብ ክዳን ቀለም እዩ። ሐምራዊው ኢዲቲኤ ነው፤ እሱን ተጠቀሙ። አረንጓዴው ሄፓሪን ነው። ሄፓሪን ፒሲአርን ያፍናል፤ በዲኤንኤ ማውጫ ኪትም በቀላሉ ተጠርጎ አይወጣም። ከጤና ጣቢያ ናሙና የምትሰበስቡ ከሆነ ይህን ለሚቀዳው ባለሙያ ቀድማችሁ ንገሩት። በኋላ የሚስተካከል ነገር አይደለም።

በወረቀት ላይ የደረቀ ደም ከሆነ፦

1. ወረቀቱን በጥላ ሥር ሙሉ በሙሉ አድርቁ፤ ሌሊቱን ቢያድር ይመረጣል። ፀሐይ ላይ አታስጡት።
2. እያንዳንዱን ወረቀት በየራሱ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጋር አስገቡ። ሁለት ወረቀት አንድ ላይ አታነባብሩ።
3. በመብሻ ስትቆርጡ ከእያንዳንዱ ናሙና በኋላ ንጹህ ወረቀት ሦስት አራት ጊዜ ብሱ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ እለፉ።
4. በየመሐሉ ከንጹሁ ወረቀት የተቆረጠ አንድ ቁራጭ እንደ ናሙና ቆጥራችሁ አብራችሁ አሳልፉት። መብሻው ከአንዱ ታማሚ ወደ ሌላው ደም እያሻገረ ከሆነ የሚያጋልጠው ይህ ነው።

ሻጋታ ያወጣ ወይም ሳይደርቅ የታሸገ ወረቀት ካገኛችሁ መዝገቡ ላይ ጻፉት። በኋላ ኔጌቲቭ ሲወጣ እውነተኛ ኔጌቲቭ ነው ብላችሁ እንዳትዘግቡ።

## ደረጃ 3፦ ዲኤንኤ ማውጣት

ኪቱ የራሱ መመሪያ አለው፤ እሱን ተከተሉ። እኔ የማነሣው መመሪያው በትንሹ ጽፎት ሰው የሚያልፈውን ነው።

1. ዋሽ በፈሩ (ማጠቢያው ፈሳሽ) ላይ አልኮል መጨመሩን አረጋግጡ። አዲስ ጠርሙስ ሲከፈት ኤታኖል ይጨመርበታል። የጨመረው ሰው ክዳኑ ላይ ምልክት ያድርግ፣ ቀንም ይጻፍ። ምልክት ከሌለ ጠይቁ። ያልተጨመረበት ከሆነ ዲኤንኤው ከኮለሙ (ዲኤንኤውን ከሚይዘው ማጣሪያ) ታጥቦ ቆሻሻው ውስጥ ይገባል።
2. በፈሩ ውስጥ ነጭ ነገር ካያችሁ የረጋ ጨው ነው። 37 ዲግሪ ላይ አስቀምጡት፣ እያገላበጣችሁ ይሟሟል። እንደረጋ አትጠቀሙበት።
3. ፕሮቲኔዝ ኬ (ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም) ጨምራችሁ 56 ዲግሪ ላይ ስታቆዩት ፈሳሹ ጥርት እስኪል ጠብቁ። ሰዓቱ ስላለቀ ብቻ አትቀጥሉ። ለወረቀት ደም ጊዜው ይረዝማል።
4. ኤታኖል ከጨመራችሁ በኋላ በደንብ ቀላቅሉ፣ ስፒን አድርጉ፣ ከዚያ ነው ወደ ኮለም የሚገባው።
5. ከመጨረሻው እጥበት በኋላ ኮለሙን ባዶውን አሽከርክሩት። አዲስ መቀበያ ቲዩብ ላይ፣ በሙሉ ፍጥነት፣ ሁለት ደቂቃ። ክዳኑን ከፍታችሁም ሁለት ደቂቃ አቆዩት። የቀረ አልኮል ሁለት ጊዜ ነው የሚቀጣችሁ፦ አንዴ ፒሲአሩን ያፍነዋል፣ አንዴ ደግሞ ጄል ላይ ናሙናችሁ ከጉድጓዱ እየተንሳፈፈ ይወጣል።
6. ማውጫውን በፈር አሙቁት። 60 ዲግሪ ያህል ይሁን። ልክ የኮለሙ መሐል ላይ ጣሉት፣ ከግድግዳው ላይ አይደለም። ሁለት ደቂቃ ጠብቁና አሽከርክሩ።

ማስጠንቀቂያ። የላይሲስ በፈር (ሴሉን የሚያፈርሰው ፈሳሽ) ውስጥ ጓኒዲን የሚባል ኬሚካል አለ። በረኪና ከሱ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ የኪቱን ቆሻሻ ፈሳሽ በረኪና ያለበት ባልዲ ውስጥ አትድፉት። ለብቻው ሰብስቡት። ቢፈስባችሁም መጀመሪያ በውሃ ጥረጉ እንጂ በረኪና ይዛችሁ አትሩጡ።

ኮለሙ ከተዘጋ ደም አብዝታችኋል ወይም በደንብ አልተፈጨም። ፍጥነቱን ጨምራችሁ አንድ ደቂቃ ድገሙ። ካልሆነ በግማሽ ናሙና እንደገና ጀምሩ።

ናኖድሮፕ (የዲኤንኤ መጠንና ንጽሕና መለኪያ መሣሪያ) ላይ 260/280 የሚባለው የንጽሕና ቁጥር ወደ 1.8 ቢጠጋ ጥሩ ነው። 260/230 ከ2 በጣም ዝቅ ካለ ጨው ቀርቶበታል፤ ብዙ ጊዜ ግን ፒሲአሩ ይሠራል፣ አትደንግጡ። ከ200 ማይክሮሊትር ጤናማ ደም አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 12 ማይክሮግራም ይገኛል። የወባ ሰዎች ግን አንድ ነገር አትርሱ፦ ይህ ቁጥር የታማሚው የራሱ ዲኤንኤ ነው ማለት ይቻላል። የጥገኛው ድርሻ ከዚያ ውስጥ እፍኝ አይሞላም። ናኖድሮፕ 80 አሳየ ማለት ወባ አለ ማለት አይደለም፤ 15 አሳየ ማለትም የለም ማለት አይደለም።

## ደረጃ 4፦ ማስተር ሚክስ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ስልክ ይጠፋ፣ ወሬም ይቁም።

ለአንድ 25 ማይክሮሊትር ቲዩብ የምጠቀምበት ይህ ነው። ቁጥሮቹ ማይክሮሊትር ናቸው፦

- ንጹህ ውሃ፦ 17.375
- 10ኤክስ በፈር (10 እጥፍ የተወፈረ፣ ማግኒዚየም የሌለበት)፦ 2.5
- 25 ሚሊሞላር ማግኒዚየም ክሎራይድ፦ 1.5
- ዲኤንቲፒ፣ እያንዳንዱ 10 ሚሊሞላር፦ 0.5
- ፎርዋርድ ፕራይመር፣ 10 ማይክሮሞላር፦ 0.5
- ሪቨርስ ፕራይመር፣ 10 ማይክሮሞላር፦ 0.5
- ታክ፣ 5 ዩኒት በማይክሮሊትር፦ 0.125
- ናሙና፦ 2

0.125 ማይክሮሊትርን በፒፔት በትክክል መሳብ አስቸጋሪ ነው። ለዚህ ነው በአንድ ላይ የሚዘጋጀው። 8 ናሙና፣ 1 ፖዘቲቭ (ባንድ እንደሚሰጥ የታወቀ ዲኤንኤ) እና 1 ኔጌቲቭ ካላችሁ 10 ቲዩብ ነው፤ እናንተ ግን ለ11 አዘጋጁ፣ ሁልጊዜ ቲፕ ላይ የሚቀር አለና። ለ11 ሲሆን ውሃ 191.1፣ በፈር 27.5፣ ማግኒዚየም 16.5፣ ዲኤንቲፒ 5.5፣ ፕራይመሮቹ 5.5፣ 5.5፣ ታክ 1.4 ይመጣል። በፈራችሁ ውስጥ ማግኒዚየም ካለ የማግኒዚየሙን ቦታ በውሃ ሙሉት። ይህንን የጠርሙሱ ወረቀት ላይ አንብቡ፣ በግምት አትሂዱ።

ቅደም ተከተሉ፦

1. ጠረጴዛውን በበረኪና ጥረጉ። የሱቁን በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅሉ፤ በየቀኑ አዲስ ይሁን። አሥር ደቂቃ ይቆይ፣ በውሃ ጥረጉ፣ ከዚያ 70% አልኮል። አልኮል ብቻውን ዲኤንኤ አያጠፋም። ይህን የሚያውቅ ሰው ከምትገምቱት በላይ ጥቂት ነው።
2. ከታኩ በስተቀር ሁሉንም አይስ ላይ ሙሉ በሙሉ አቅልጡ። ግማሽ የቀለጠ ነገር አትሳቡ።
3. የቀለጠውን ሁሉ ቮርቴክስ፣ ስፒን። በተለይ ማግኒዚየሙን። ሲቀልጥ ከታች ወፍራም ከላይ ቀጭን ሆኖ ይደረደራል። ሳትቀላቅሉ ከላይ ከሳባችሁ ውሃ ነው የጨመራችሁት። «ትናንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ አለ» የሚባለው ግማሹ ይኼ ነው።
4. መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ በፈር፣ ማግኒዚየም፣ ዲኤንቲፒ፣ ፕራይመሮች። እያንዳንዱን ስትጨምሩ ወረቀቱ ላይ ራይት አድርጉበት።
5. ታኩን መጨረሻ ላይ ከፍሪዘር አውጡ። ግሊሰሮል ውስጥ ስለሆነ አይረጋም፣ ግን እንደ ማር ይጣበቃል። የቲፑን ጫፍ ብቻ አስነኩ፣ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ማስተር ሚክሱ ውስጥ ላይና ታች እያደረጋችሁ እጠቡት። ወዲያው መልሱት።
6. ታክ ከገባ በኋላ ቮርቴክስ አያስፈልግም። አገላብጡ ወይም በጣት ነካ ነካ አድርጉ፣ ስፒን አድርጉ።
7. 23 ማይክሮሊትር በየቲዩቡ አከፋፍሉ።
8. ናሙናዎቹን ጨምሩ። የኔጌቲቩ ቲዩብ እስከዚያ ክፍት ይቆይ፤ ናሙናዎቹ ካለቁ በኋላ 2 ማይክሮሊትር ውሃ ጨምሩበትና ዝጉ። እንዲህ ሲሆን በሥራችሁ መሐል የገባ ብክለት ካለ ይይዝላችኋል። ኔጌቲቩን መጀመሪያ ዘግቶ ገለል ማድረግ ራስን መሸወድ ነው።
9. ፖዘቲቭ ኮንትሮሉ ሁልጊዜ መጨረሻ። ቢቻል ሌላ ጠረጴዛ ላይ።
10. ክዳኖቹን አጥብቃችሁ ዝጉ፣ ስፒን አድርጉ፣ አረፋ አለመኖሩን እዩ።

የትኛው ቲዩብ ላይ እንደደረሳችሁ ከጠፋባችሁ አትገምቱ። ቲዩቦቹን ወደ ብርሃን አንሡና የፈሳሹን ከፍታ አወዳድሩ፤ 23ና 25 ይለያያል። ካልለየላችሁ ያንን ቲዩብ ጣሉት። ወደፊት ናሙና የገባበትን ቲዩብ አንድ ረድፍ ወደ ኋላ እያዛወራችሁ ሥሩ፣ ይህ ችግር ይቀራል።

## ደረጃ 5፦ ማሽኑ

የተለመደው ፕሮግራም፦

1. 95 ዲግሪ፣ 5 ደቂቃ
2. 95 ዲግሪ፣ 30 ሰከንድ
3. የፕራይመራችሁ መጣበቂያ ሙቀት፣ 30 ሰከንድ
4. 72 ዲግሪ፣ ለ1000 ቤዝ ፔር (የዲኤንኤ ርዝመት መለኪያ) 1 ደቂቃ ሒሳብ
5. ከ2 እስከ 4 ያለውን 35 ጊዜ
6. 72 ዲግሪ፣ 5 ደቂቃ
7. 10 ዲግሪ ላይ ይቆይ

መጣበቂያውን የፕራይመራችሁ ወረቀት ላይ ካለው የመቅለጫ ሙቀት 5 ዲግሪ ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። ሁለቱ ፕራይመሮች ከተለያዩ ዝቅ ያለውን ያዙ። ማሽናችሁ ግራዲየንት (በአንድ ጊዜ የተለያየ ሙቀት መስጠት) ካለው አንድ ፖዘቲቭ ናሙና በስምንት ሙቀት ሞክሩ። አንድ ከሰዓት ይወስዳል፣ ወር ያተርፋል።

ማስነሻውን ከመጫናችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ፦ የናሙናው መጠን 25 ተብሎ መሞላቱን፣ የክዳኑ ሙቀት 105 መሆኑን። ክዳኑ ካልሞቀ ፈሳሹ ተንኖ ላይ ይሰበሰባል። ሌላ ሰው ትናንት በ50 ማይክሮሊትር ሠርቶበት ከሆነ ማሽኑ ያንኑ ይዞ ነው የሚጠብቃችሁ።

ኔስትድ (የመጀመሪያውን ዙር ምርት በሌላ ፕራይመር ዳግም የሚያባዛ ፒሲአር) የምትሠሩ ከሆነ ከመጀመሪያው ዙር ምርት 1 ማይክሮሊትር ወደ ሁለተኛው ይገባል፣ የሁለተኛውንም ውሃ በዚያው ልክ አስተካክሉ። በዚህ ሥራ ሁሉ አደገኛው ቅጽበት ያንን የመጀመሪያ ቲዩብ መክፈት ነው። ቢሊዮን ቅጂ እየከፈታችሁ ነው። መጀመሪያ ስፒን አድርጉ፣ አንድ በአንድ ክፈቱ፣ አንድ በአንድ ዝጉ፣ ፊልተር ያለው ቲፕ ተጠቀሙ። የመጀመሪያው ዙር ኔጌቲቭም ወደ ሁለተኛው ዙር ይለፍ፣ ሌላ አዲስ ኔጌቲቭም ይጨመር።

መሐል ላይ መብራት ቢሄድ ብዙ ማሽኖች መብራት ሲመለስ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ስንተኛው ዙር ላይ እንደነበር እዩ። ገና አሥረኛው አካባቢ ከነበረና ረጅም ጊዜ ከቆየ ጣሉትና እንደገና ጀምሩ። ከ25 በላይ ካለፈ ይጨርስ፤ ጄል ላይ እዩት። ባንድ የወጣው ወጥቷል። ባዶ የሆነውን ግን ኔጌቲቭ ብላችሁ አትመዝግቡ፣ ድገሙት። ጄኔሬተር ቢኖራችሁም በመሐል ያለችው ጥቂት ሰከንድ ማሽኑን ታጠፋዋለች፤ ትንሽ ዩፒኤስ ለዚያች ሰከንድ ነው የምትፈለገው።

## ደረጃ 6፦ ጄል

በ18ኤስ ጂን ላይ በሚሠራው የተለመደው የወባ ኔስትድ ፒሲአር ፋልሲፓረም 205፣ ቫይቫክስ ደግሞ 120 ቤዝ ፔር አካባቢ ይወጣል። እንዲህ ላሉ ትንንሽ ባንዶች 2% ጄል ሥሩ። ከ500 በላይ ለሆነ ነገር 1% ወይም 1.5% ይበቃል።

1. በፈሩን አዘጋጁ። ለ1 ሊትር 50ኤክስ ቲኤኢ፦ 242 ግራም ትሪስ፣ 57.1 ሚሊሊትር ግላሻል አሴቲክ አሲድ፣ 100 ሚሊሊትር 0.5 ሞላር ኢዲቲኤ በፒኤች 8፣ ቀሪው ውሃ። ከሱ 20 ሚሊሊትር ወስዳችሁ እስከ 1 ሊትር ስትሞሉት 1ኤክስ ይሆናል።
2. 2 ግራም አጋሮዝ በ100 ሚሊሊትር 1ኤክስ ቲኤኢ ውስጥ ጨምሩ። በውሃ አይደለም። በውሃ የተሠራ ጄል አያስኬድም።
3. ማይክሮዌቭ ውስጥ እያቆማችሁ፣ እያዞራችሁ አፍሉ። ተንሳፋፊ ቅንጣት እስኪጠፋ። ተጠንቀቁ፦ ጸጥ ብሎ የቆየ ጠርሙስ ሲነካ በድንገት ገንፍሎ ፊት ላይ ሊረጭ ይችላል። ክዳኑን አታጥብቁ፣ በወፍራም ጓንት ያዙ፣ ከማዞራችሁ በፊት ግማሽ ደቂቃ ይረፍ።
4. 60 ዲግሪ ያህል ሲሆን፣ ማለትም ጠርሙሱን በእጅ መያዝ ሲቻል፣ ማቅለሚያውን ጨምሩ። ኢቲዲየም ብሮማይድ ከሆነ ናይትራይል ጓንት ግዴታ ነው፤ ዲኤንኤን የሚቀይር ነገር ነው።
5. አፍስሱ፣ ማበጠሪያውን ትከሉ፣ አረፋውን በቲፕ ወደ ዳር ግፉ፣ 30 ደቂቃ ጠብቁ።
6. ታንኩ ውስጥ አስቀምጡ፣ በ1ኤክስ ቲኤኢ ሸፍኑት፣ ከዚያ ማበጠሪያውን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ሳይሸፈን ከሳባችሁ የጉድጓዱ ታች ይቀደዳል።
7. 5 ማይክሮሊትር ምርት ከ1 ማይክሮሊትር 6ኤክስ ሎዲንግ ዳይ (ናሙናውን የሚያከብድ ቀለም) ጋር ቀላቅሉና ጫኑ። እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ክርናችሁን ጠረጴዛው ላይ አሳርፉ። የቲፑ ጫፍ የጉድጓዱ አፍ ላይ ይሁን እንጂ ታቹን አይውጋ።
8. ጉድጓዶቹ በጥቁሩ ገመድ በኩል ይሁኑ፤ ዲኤንኤ ወደ ቀዩ ነው የሚሮጠው። በሁለቱ ሽቦዎች መሐል ላለ ለእያንዳንዱ ሴንቲሜትር 5 ወይም 6 ቮልት ስጡ። 15 ሴንቲሜትር ከሆነ ከ75 እስከ 90 ቮልት። ሽቦው ላይ ትንንሽ አረፋ ካላያችሁ አልበራም።
9. አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ ቀለሙ በትክክለኛው አቅጣጫ መንቀሳቀሱን እዩ። ከዚያ ነው ቡና የሚጠጣው።

የሎዲንግ ዳዩ ሰማያዊ ቀለም በ2% ጄል ከ100 እስከ 200 ቤዝ ፔር ባለው አካባቢ ነው የሚሮጠው። ያ ማለት ከ120ው ባንድ ጋር ጎን ለጎን ነው፤ ከጄሉ እንዲወጣ ከፈቀዳችሁለት ቫይቫክስንም ይዞ ሊወጣ ይችላል። ደግሞም የቀለሙ ጥላ ደካማ ባንድን ይደብቃል። እኔ ለእንዲህ ያለ ሥራ ሎዲንግ ዳዩን በጣም ቀጭን አድርጌ ነው የማዘጋጀው።

ዩቪ ስትከፍቱ የፊት መከላከያ አድርጉ። ለአንድ አፍታ ነው እያሉ ዓይናቸውን ያቃጠሉ አሉ።

## ደረጃ 7፦ የሆነውን አንብቡ

ላደሩም አይታይም። ፒሲአሩን ተዉት፣ ችግሩ ጄሉ ነው። ማቅለሚያ ረስታችኋል ወይም ገመዱ ተገልብጧል። ማቅለሚያ ከረሳችሁ ጄሉን ማቅለሚያ ባለበት በፈር ውስጥ 30 ደቂቃ ንከሩት፣ ይመጣል።

ላደር አለ፣ ፖዘቲቩም ባዶ ነው። ማስተር ሚክሱ ውስጥ የጎደለ ነገር አለ። ራይት ያደረጋችሁበትን ወረቀት እዩ። ሁሉም ገብቷል ካለ የፕራይመሩንና የዲኤንቲፒውን አዲስ አሊኮት (ከፋፍላችሁ ያስቀመጣችሁትን ትንሽ ቲዩብ) አውጡ። ዲኤንቲፒ ደጋግሞ መቅለጥና መርጋት አይወድም።

ፖዘቲቩ ይሠራል፣ ናሙናዎቹ አይሠሩም። ወይ እውነተኛ ኔጌቲቭ ናቸው፣ ወይ ታፍነዋል። ለመለየት ሁለት ነገር ሞክሩ። ናሙናውን በ10 እጥፍ አቅጥናችሁ ድገሙ፤ አፋኙ ሲቀጥን ባንዱ ይወጣል። ወይም ከናሙናው ጋር ጥቂት ፖዘቲቭ ዲኤንኤ አንድ ቲዩብ ውስጥ ጨምሩ። እሱም ባዶ ከሆነ ናሙናው ውስጥ አፋኝ አለ። ተጨማሪ ታክ ማፍሰስ ሰው የሚወደው መፍትሔ ነው፣ እምብዛም አይረዳም።

ከ100 በታች ደብዛዛ ባንድ፣ በሁሉም መስመር። ፕራይመሮቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ነው። ሙቀቱን 2 ዲግሪ ከፍ አድርጉ ወይም ፕራይመሩን ቀንሱ። ውጤት አይደለም፣ አትቁጠሩት።

ጭስ የመሰለ የተጎተተ መስመር። ናሙናው በዝቷል፣ ወይም ዙሩ በዝቷል፣ ወይም መጣበቂያው ዝቅ ብሏል። በዚሁ ቅደም ተከተል ሞክሩ፣ አንድ በአንድ። ሦስቱንም አንድ ቀን ከቀየራችሁ ቢሠራም የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

መሐሉ ወደ ታች የወረደ፣ ዳርና ዳሩ የቀረ ባንድ። ጄሉ ሞቋል። ቮልቱን ቀንሱ።

ኔጌቲቩ ላይ ባንድ አለ። የዕለቱ ውጤት በሙሉ ተሰርዟል። ናሙናዎቹ ቢያምሩም፣ አድቫይዘራችሁ ቢቸኩልም። እንዲህ አድርጉ፦

1. የትኛው ሪኤጀንት እንደተበከለ ለማግኘት አትድከሙ። የከፈታችኋቸውን የውሃ፣ የፕራይመር፣ የበፈር፣ የማግኒዚየምና የዲኤንቲፒ አሊኮቶች ሁሉ ጣሉ። ትንንሽ አድርገን የከፋፈልነው ለዚህ ቀን ነው።
2. ፒፔቶቹን ውጫቸውን በበረኪና፣ በውሃ፣ በአልኮል ጥረጉ። የሚፈታ ጫፍ ካላቸው ፈትታችሁ እጠቡ።
3. ጋውኑን ቀይሩ። የቲፕ ሳጥኑንም አዲስ ክፈቱ።
4. ናሙና ሳትነኩ ስምንት ቲዩብ ውሃ ብቻ ሥሩ። ፖዘቲቩ ዘጠነኛ ሆኖ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ይጨመር።
5. ስምንቱም ባዶ ከሆኑ ናሙናዎቹን መልሱ። አንዱ እንኳ ባንድ ካሳየ ጠረጴዛ ቀይሩ፣ ከሌላ ላብ ፒፔትና ታክ ተበደሩና አራተኛውን ድገሙ።